መኪና እንደ ድስት አይፈገፈግም

የመኪና ቀለም ጉዳይ በሴቶችና በቤተሰብ ገጽ ላይ ምን አመጣው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ጎረቤት ጠባይ ስንነጋገር ቆይተን ዛሬ ስለ መኪና ማንሳቴ ከመንገድ የወጣሁ ያስመስለኝ ይሆናል። ነገር ግን መኪና ባለው ቤተሰብ ዘንድ ከመኖሪያ ቤቱ ቀጥሎ ውዱ ንብረት መኪናው ነው። ልጆች ትምህርት ቤት የሚደርሱበት፣ የታመመ ሐኪም ቤት የሚወሰድበት፣ እህሉ ከወፍጮ የሚመለስበት በመሆኑም ጉዳዩ የእናት ጉዳይ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን የምጽፈው የመኪና ዐዋቂ ሆኜ ሳይሆን፣ በገዛ እጄ ያጠፋሁትን ጥፋት በሰው ልጅ ላይ ያላከክሁ ሴት በመሆኔ ነው።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ነቀምት ነው። ያለችን መኪና «ዲኤክስ» እየተባለች የምትጠራው አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ስትሆን፣ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። ቀለሟ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ስንገዛት ከዋጋው ግማሹን እኛ አጠራቅመን ከፈልን፤ የጎደለውን የሞላችው እናቴ ናት። እናቴ የምትኖረው አኖ ነው። አኖን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከነቀምት ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ሲሬን አልፈው ባኮ ሳይደርሱ ዋናው መንገድ ላይ የሚያገኟት የጎቡ ሰዮ ወረዳ ከተማ ናት። እናቴ እዚያ ዕድሜዋን ሙሉ ልጆች አስተምራ ጡረታ የወጣች መምህርት ስትሆን፣ ዕቁቧ የደረሳት ዕለት ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝና «ልጆቼን በዝናብ አታመላልሽብኝ» አለችኝ። እንግዲህ መኪናይቱን ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ መሐረብ ነው።

እንደሚታወቀው፣ ዛሬ አሮጌ መኪና «ትሂድ፣ ሌላ እገዛለሁ» የሚባልላት ነገር አይደለችም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑ ተገልጿል። ስለዚህ በእጃችን ያለችውን ጠብቀን ማኖር ግድ ይለናል። ሞተር ቢደክም ይታደሳል፤ ጎማ ቢያልቅ ይለወጣል። ቀለሙ ተልጦ ዝገት የገባበት አካል ግን እንደ ተበላ ጥርስ ነው፤ ውስጥ ውስጡን እየበላ ይሄዳል።

መኪናይቱ ከተገዛች ጀምሮ አንድ ልማድ ነበረኝ። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ከማድረሴ በፊት አሮጌ ጨርቅ ይዤ እወጣና በላይዋ ያደረውን አቧራ ጠረግ ጠረግ አደርጋለሁ። ውሃ የለ፣ ሳሙና የለ፣ ደረቅ ጨርቅ ብቻ። የወለጋን አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል። በበጋ እንደ በርበሬ ደቅቆ ይቦናል፤ በክረምት እንደ ሊጥ ይለጠፋል። አቧራ የለበሰች መኪና ይዤ ከመሥሪያ ቤት በር ብቆም «ቤቷም እንዲሁ ይሆናል» የሚሉኝ እየመሰለኝ እሸማቀቅ ነበር።

ማታ የምናቆማት ከዛፍ ሥር ስለሆነ የወፍ ኩስ አይጠፋባትም። አንድ ቀን በሾፌሩ በኩል ባለው በር ላይ የደረቀው አልለቅ ቢለኝ፣ ከወጥ ቤት አረንጓዴውን የድስት መፈግፈጊያ አመጣሁና ኦሞ ነስንሼበት እስኪለቅ ድረስ ፈገፈግሁት። ለቀቀ። እኔም ጎበዝ የቤት እመቤት የሆንሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

እንዲህ ስንኖር ባለፈው ዓመት ጥር ወር የአዳዳዬ ልጅ አኖ ላይ ተዳረች። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እኅት ማለት ነው። መኪናችን ከአጃቢዎቹ አንዷ እንድትሆን ስለተጠየቅን በዋዜማው ወደ አኖ ወረድን። የሠርጉ ቤት ከአስፋልቱ ርቆ የጥርጊያ መንገድ ይዞ የሚገባ ስለነበር፣ ሰማያዊዋ መኪና ስንደርስ ቀይ ሆናለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከአስፋልቱ ዳር በቢጫ ጀሪካን ውሃ ይዘው መኪና ከሚያጥቡት ልጆች አንዱን ጠራሁት። ዕድሜው ከ15 የሚያልፍ አይመስለኝም። በ150 ብር ተስማማን። ልጁ ሥራውን የጀመረው ውሃ በማፍሰስ ነበር። አንዱን ጀሪካን ከጣራዋ ጀምሮ ቀስ አድርጎ አወረደውና ቆመ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልሁት።

«አቧራው ይራስ እንጂ፣ እትዬ» አለኝ።

ሁለተኛውን ጀሪካን ሲያነሳ ሰዓቴን አየሁ። «ውሃ አታባክን! ሙሽራዋ ልትወጣ ነው፤ በጨርቁ ቶሎ ቶሎ በለው!» ብዬ ጮኽሁበት። እርሱ ግን ሁለተኛውንም አፍስሶ ነው ጨርቁን ያነሳው።

ታጥባ ስትደርቅ የእኩለ ቀን ፀሐይ አናቷ ላይ ወጥታ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳይ በሮቿ፣ ኮፈኗና የጣራዋ ጠርዝ በጭረት ተሞልተዋል። አንድ ሺህ ድመት የሮጠባት ትመስላለች። ደሜ ፈላ። «በአሸዋ ነው ወይስ በሽቦ ያጠብካት?» አልሁት። ልጁ ደንግጦ መኪናይቱንና እኔን ተራ በተራ አየን። «እኔ አልጫርኋትም፣ ድሮም ነበረ፤ አቧራ ሸፍኖት ነው» አለ። «ደግሞ ትዋሻለህ!» አልሁት። የሠርጉ ሰዎች ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው አንድ ጎልማሳ «ሁለተኛ እዚህ ቦታ እንዳላይህ!» ብሎ ገፈተረው። ገንዘቡን አልሰጠሁትም። ልጁ አላለቀሰም፣ አልተሳደበምም። ሁለቱን ባዶ ጀሪካኖች አንስቶ ሄደ። እኔም የእናቴን ገንዘብ አበላሹብኝ እያልሁ ከሠርጉ ምግብ በቅጡ ሳልቀምስ ዋልሁ።

ሐምሌ ሲገባ፣ ያ በድስት መፈግፈጊያ የፈገፈግሁት የበሩ ቦታ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ አረፋ አወጣ። በጣቴ ስነካው ተላጠና ከሥሩ ዝገት ታየ። በዚህ ጊዜ በነቀምት ከ40 ዓመት በላይ መኪና ሲቀቡ ወደ ኖሩ አንድ አዛውንት ወሰድኋት። ሙሉ በሙሉ እንድትቀባ ቢደረግ የሚያስፈልገው ወጪ የሦስት ወር ደመወዜን የሚበላ ሆነ። እኔም በብስጭት የአኖውን ልጅ ታሪክ አንድ በአንድ ነገርኋቸው።

አዛውንቱ ምንም አልተናገሩም። መኪናይቱን ከጥላው ወደ ፀሐይ አስወጡና ቁጢጥ ብለው በሮቹን ከጎን በኩል አዩ። ቀጥለውም ኮፈኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም» አሉኝ። «አጣቢ ሲጭር ብዙውን ጊዜ ክብ ክብ አድርጎ ነው፤ እጁ ስለሚዞር። ይህ ግን ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የወረደ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ፣ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ተመልከች። ደግሞ ኮፈኑን እዪው። ከዳር እስከዚህ ድረስ ተጭሯል፤ መካከሉ ግን ደኅና ነው። ጣራዋም ጠርዝ ጠርዙ እንጂ መሐሉ አልተነካም። ይህን የሠራው ሰው ክንዱ ከዚህ አልፎ የማይደርስለት አጭር ሰው ነው።»

እኔ አጭር ነኝ።

ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ልጁ እውነቱን ነበር የተናገረው። እኔ በደረቅ ጨርቅ አራት ዓመት ሙሉ የጻፍሁትን፣ እርሱ አጥቦ ገለጠው እንጂ አልጻፈውም። አቧራው ሸፍኖልኝ የኖረውን ጥፋቴን ንጹሕ ውሃ አወጣው።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቀለም አዛውንቱን እየጠየቅሁ፣ ከመጻሕፍትም እያመሳከርሁ ያገኘሁትን ለእናንተም አካፍላለሁ።

የመኪና ቀለም አንድ ንጣፍ አይደለም። ብረቱን ከዝገት የሚከላከል የመጀመሪያ ቅብ፣ በላዩ ሌላ መካከለኛ ቅብ፣ ከዚያ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ በመጨረሻም እንደ መስታወት የጠራ መከላከያ ንጣፍ አለው። ይህ የመጨረሻው ንጣፍ በዓለም ላይ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በመሆኑ፣ ብዙ አሮጌ መኪኖች የላቸውም። ሲወለወሉ ጨርቁ የመኪናውን መልክ ከያዘ መኪናይቱ ያለዚያ ንጣፍ የተቀባች ናት ማለት ነው። የእኛዋም እንዲሁ ናት። ታዲያ እነዚህ ሁሉ ንጣፎች አንድ ላይ ተደርበው ከፋብሪካ ሲወጡ ውፍረታቸው ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ ወረቀት ብዙም አይበልጥም። የጠራው መከላከያ ለብቻው ሲታይ የወረቀቱን ግማሽ ያህል ነው። እናንተ እናቶች፣ የምንፈገፍገው ይህን ነው!

በአቧራ ውስጥ ደግሞ ዐይናችን የማያየው ደቃቅ አሸዋ አለ። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ብርጭቆን እንኳ የሚጭር ጠንካራ ነገር ነው። ደረቅ ጨርቅ በዚህ ላይ ሲያልፍ የብርጭቆ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። የሚገርመው ነገር፣ የአፈራችን ቅላት ራሱ የብረት ዝገት ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ከአየርና ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ነው ያቀላው። ቀለሙ በተላጠበት ቦታ የመኪናችንም ብረት የሚደርስበት ዕጣ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አቧራው ዝም ብሎ ተኝቶ ሳለ ቀለሙን አይጭረውም፤ የሚጭረው እኛ ስንገፋው ነው። ስለዚህ ውሃ በሌለበት ቀን አቧራ የለበሰች መኪና ይዞ መውጣት ነውር አይደለም። ሳይውል ሳያድር መነሳት ያለበት ሌላ ነው፤ ይኸውም የወፍ ኩስ፣ የዛፍ ሙጫ፣ በጎማው ጓዳና በበሮቹ ሥር የተጠቀጠቀ ጭቃ ነው። የወፍ ኩስ አሲድ ስላለበት በፀሐይ ሲግል ቀለሙን ይበላል። ጭቃው ደግሞ እርጥበት አፍኖ ይዞ ዝገት ይጠራል። በወለጋ ክረምቱ ረጅም በመሆኑ ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም።

የአስተጣጠቡ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ መኪናይቱን በጥላ ሥር አቁሙና ኮፈኑ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። በጋለ ብረት ላይ ሳሙናው ቶሎ ደርቆ ነጠብጣብ ይተዋል።

ሁለተኛ፣ ከሁሉ በፊት ውሃ። ከጣራው ጀምራችሁ በዝግታ አፍስሱና አቧራው ርሶ በራሱ እንዲወርድ ጥቂት ደቂቃ ተዉት። የአኖው ልጅ የቆመው ለዚህ ነበር። ሰነፍ መስሎኝ የጮኽሁበት ትክክለኛውን ሥራ ሲሠራ ነው።

ሦስተኛ፣ ሁለት ባልዲ አዘጋጁ። በአንዱ የሳሙና ውሃ፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ ይሁን። ጨርቁ ወይም ስፖንጁ መኪናውን ነክቶ ሲመለስ በቅድሚያ በንጹሑ ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሳሙናው የሚገባው። ባልዲው አንድ ብቻ ከሆነ ከመኪናው ያነሳነውን አሸዋ መልሰን እንቀባዋለን።

አራተኛ፣ ሳሙናው ለመኪና ተብሎ የተዘጋጀ ሻምፖ ቢሆን ይመረጣል። ካልተገኘ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በብዙ ውሃ ቀጥኖ ያገለግላል፤ በላዩ ሰም ተቀብቶ ከነበረ ግን ሰሙን እንደሚያነሳው እወቁ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሁን። ጠንካራ ከመሆኑም በላይ ሳይሟሟ የቀረው ፍሬ ይጭራል።

አምስተኛ፣ ከላይ ወደ ታች እጠቡ። ጨርቁን ሳትጫኑ፣ በቀጥታ መስመር፣ አንዱን ክፍል ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ። ጎማና የታችኛው ክፍል የሚታጠቡት በመጨረሻ ነው፤ ያውም በሌላ ጨርቅ። መሬት የወደቀ ጨርቅ እንደገና ሳይታጠብ ወደ መኪናው አይመለስ።

ስድስተኛ፣ በብዙ ውሃ አለቅልቁና በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ወይም ማይክሮፋይበር በሚባለው ለስላሳ ፎጣ አድርቁ። ስታደርቁ ጨርቁን አንጥፋችሁ ውሃውን እንዲመጥ አድርጉ እንጂ አትሹት። አሮጌ ካናቴራ ጥሩ ነው፤ ቁልፍና ዚፕ ያለው ልብስ ግን አይሆንም።

ለዚህ ሁሉ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሁለት ባልዲ ውሃ ይበቃል። ውሃ ከቦኖ ተሸክማ ለምታመጣ እናት ይህም ብዙ ነው። እንግዲያው በየቀኑ በደረቅ ጨርቅ ከመጥረግ በ15 ቀን አንድ ጊዜ በሚገባ ማጠብ ይሻላል።

ለወፍ ኩስ ደግሞ በውሃ የራሰ ጨርቅ ላዩ ላይ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ ያህል ተዉት። ሲለሰልስ ሳትሹት አንሱት። የዛሬ ዓመት ይህን ባውቅ ኖሮ በሬ ባልዛገ ነበር።

ስለ ሠርግ ካነሳሁ አይቀር፣ አበባና ሪባን በመኪና ላይ ስታስሩ በፕላስተር አትለጥፉ፤ በተለይም አዲስ የተቀባ መኪና ከሆነ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ሊነሳ ይችላል። ሪባኑ በመስተዋቱና በበር እጀታው ላይ ቢታሰር ይበቃል።

አንዳንዶች መኪና እንዲያብረቀርቅ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ይወለውላሉ። የሚታየው ማብረቅረቅ የዘይቱ ነው፤ አንድ ሰዓት ሳይቆይ አቧራውን ሁሉ ይስባል፣ የበሮቹንና የመስኮቶቹን ጎማ ያበላሻል፣ ለእሳትም አደጋ ነው። የጥርስ ሳሙናም ጭረት ያጠፋል ሲባል እንሰማለን። የጥርስ ሳሙና ጥርስን የሚያጸዳው በውስጡ ባለው ደቃቅ ፈጋጊ ነገር በመሆኑ፣ በቀለም ላይም የሚሠራው ያንኑ መፈግፈግ ነው።

ፖሊሽና ሰም አንድ መስለው የሚታዩን ብዙዎች ነን። ፖሊሽ ከቀለሙ ላይ ስስ ንጣፍ አንስቶ ጭረቱን ያስተካክላል፤ ስለዚህ በተደጋገመ ቁጥር ቀለሙ ይሳሳል። ሰም ግን ምንም ሳያነሳ በላዩ ላይ ይደረባል፤ ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከወፍ ኩስ ይጋርዳል። እንደ ነቀምት ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ሥፍራ ቀለምን የሚያደበዝዘው የፀሐይ ጨረር ከቆላው ይበረታልና ጥላ ሥር ማቆምና ሰም መቀባት ትርፍ እንጂ ቅንጦት አይደለም። በመኪና ሰም ውስጥ ስሙ የሚነሳው ካርናውባ ሲሆን፣ ይህም በብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኝ ነው። የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። «እኛስ የወለጋ ማር ሰም አለን አይደለም እንዴ?» ብዬ አዛውንቱን ጠይቄ ነበር። የንብ ሰም በፋብሪካ ተቀላቅሎ ሲዘጋጅ ያገለግላል፤ እንዳለ ቢቀባ ግን ወደ 63 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ፣ በፀሐይ የጋለ ጥቁር ኮፈን ላይ ለስልሶ አቧራ ይይዛል። ጧፉን ለጧፍነቱ እንተወው። ሰም በታጠበና በደረቀ መኪና ላይ በስሱ፣ በሁለት ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ ቢቀባ መልካም ነው። አዲስ የተቀባ መኪና ግን ቀለሙ በሚገባ እስኪደርቅ ድረስ ስለማይቀባ፣ ጊዜውን ከቀቢው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጭረቱ ወደ ብረት የደረሰ እንደሆነ ቀን አይሰጥም። ወደ ቀቢ እስክትደርሱ ድረስ ቦታውን አጽድታችሁና አድርቃችሁ፣ መልክ የሌለውን የጥፍር ቀለም ጠብ ብታደርጉበት እርጥበቱን ለጊዜው ይከለክላል። ከሜካፕ ሳጥናችን ለመኪና የሚሆን መድኃኒት ቢኖር ይኸው ነው።

አንድ ሌላ ማሳሰቢያም አለኝ። መኪናን ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ በየከተማው የተለመደ ነው። ከመኪናው ሥር የሚወርደው ዘይትና ግራሶ፣ ከላዩም የሚወርደው ሳሙና፣ ከወንዙ ዝቅ ብላ እንስራዋን የምትሞላው እናት ዘንድ ይደርሳል። የእኛ መኪና ጸድታ የሌላይቱ ቤት ልጅ ሆዱን ሊታመም አይገባም።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። መስከረም ሊያልቅ ሲል እናቴን ለመጠየቅ ወደ አኖ ወረድሁ። ነገሩን ሁሉ ነገርኋት። እናቴ አዳምጣኝ ስታበቃ፣ ስለ ገንዘቧም ስለ መኪናይቱም ምንም አላለችም። «የልጁን እናት አውቃታለሁ። አስፋልቱ ዳር በቆሎ ትጠብሳለች» አለችና ነጠላዋን አነሳች።

ሴትዮዋን ከከሰል ማንደጃዋ አጠገብ አገኘናት። ወቅቱ የእሸት ነበርና ብዙ ገበያተኛ ከብቧታል። ገለል እስኪል ጠብቄ ማን እንደሆንሁ ነገርኋት። ወዲያው አወቀችኝ። ከዚያ ሠርግ በኋላ ልጇን ሌሎቹ አጣቢዎች ከአጠገባቸው እንዳራቁትና «መኪና የሚያበላሽ» የሚል ስም ወጥቶለት እስከ ፋሲካ ድረስ ሥራ እንዳላገኘ ነገረችኝ። ደብተር የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ነበር። ከቦርሳዬ ገንዘብ ሳወጣ እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ። «እኔን አይደለም የበደልሽው። ለራሱ ንገሪው፤ የነገርሽውም በሰው ፊት ነበር» አለችኝ።

ልጁ ተጠርቶ መጣ። ቁመቱ ጨምሯል። ከአጣቢዎቹ ጓደኞቹ ፊት፣ ጭረቱ የእኔ እንደነበረ፣ እርሱ እውነት መናገሩን፣ እኔም ያለ አግባብ መክሰሴን ነገርኋቸው። ይቅርታም ጠየቅሁት። አንዳንዶቹ ሳቁ። እርሱ ግን ዝም ብሎ መሬት መሬቱን አየ። 500 ብር ስሰጠው ቆጠረና 350ውን መለሰልኝ።

«የዚያን ቀን ሒሳብ 150 ነው» አለኝ።

ልለምነው ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ገባኝና ገንዘቡን መለስሁ። በምትኩ መኪናይቱን እንዲያጥብልኝ ጠየቅሁት፤ በዛሬ ዋጋ። ውሃውን ከጣራዋ ጀምሮ አፍስሶ ቆመ፤ እኔም አብሬው ቆምሁ። ስለ ሁለቱ ባልዲዎች ከአዛውንቱ የሰማሁትን ስነግረው በጥሞና ሰማኝ፤ አንድ ባልዲ ብቻ ነበረውና ከእናቴ ቤት ሌላ አስመጣን። ያ ባልዲ አሁን የእርሱ ነው፤ እርሱን ግን አልመለሰልኝም።

የበሩን ዝገት አዛውንቱ አስወግደው፣ ስቱኮ ለብሶ ያንኑ ቦታ ብቻ ቀብተውልኛል። መልኩ ከሌላው ትንሽ ይለያል። ሌሎቹን ጭረቶች በፖሊሽ ለማጥፋት ቀለሙ ስለሳሳ አይመከርም ተብዬ እንዳሉ ትቻቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ልጆቼን ይዤ ስወጣ አቧራዋን አያታለሁ፤ እጄንም እሰበስባለሁ። ትልቋ ልጄ «እማዬ፣ መኪናችን ቆሽሻለች» ስትለኝ፣ «ቅዳሜ ውሃ እናገኛለን» እላታለሁ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ለመኪናም ሆነ ለሰው ቅድሚያ የሚያስፈልገው ውሃውን አፍስሶ ጥቂት መታገሥ ነው። ጭረት ባያችሁ ጊዜ ደግሞ ሌላውን ከመጠየቃችሁ በፊት የገዛ ክንዳችሁን ለኩ። ለሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።